ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋው አሮጌ ሞተር፦ ጥፋቱ የዋናው ጄት ነው?

በበይነመረብ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ጠያቂ ባለ 125 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት አሮጌ ሞተር ሳይክል አለው። ለወራት ቆሞ ከነበረ በኋላ ሞተሩ በቾክ (ለማስነሻ ነዳጅ በሚያበዛው መሳቢያ) ይነሳል፤ ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ነዳጅ እየሰጡት ይሠራል፣ የነዳጅ መስጫው እጀታ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጉልበቱም ደህና ነው፤ እጅ ሲለቁት ግን ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ መሥራት) አይዝም። በዚያ ላይ ቆሞ ሲያድር ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ክፍል) ሥር ባለችው የትርፍ ማፍሰሻ ቱቦ ቤንዚን ይንጠባጠባል። በጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ጠያቂው ወዲያና ወዲህ ስላዞራት መጀመሪያ የት እንደነበረች አይታወቅም። የደረሰበት ድምዳሜ ዋናው ጄት (ነዳጅ የሚመጥን የተበሳ ትንሽ የናስ ብሎን) ጠቧል የሚል ነው። በትልቅ ቁጥር ልቀይረው ወይስ የጥገና ኪት ገዝቼ ሁሉንም ባንዴ ልለውጥ ሲል ይጠይቃል።

ምልክቶቹን ለያይቶ ማስቀመጡ ግማሹን ሥራ አቅልሎታል። ድምዳሜው ግን ከራሱ ምልክቶች ጋር አይስማማም፤ ውይይቱም ከዚያ ይነሳል።

1ኛው መልስ በትሕትና ያርመዋል። ዋናው ጄት የሚወስነው እጀታው ከሦስት አራተኛ በላይ ሲከፈት ነው። ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ያለው ክልል የሚኒሞው ጄትና የጎኗ ብሎን ነው። ከዚያ እስከ ሩብ ድረስ የተንሸራታቹ (እጀታው ሲዞር ከፍ ዝቅ እያለ የአየሩን መንገድ የሚከፍተው) የታችኛ ጠርዝ አቆራረጥ ይገባበታል። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ከተንሸራታቹ ሥር የተንጠለጠለው መርፌና መርፌው የሚገባባት የናስ ቱቦ ይሠራሉ። ክልሎቹ ጫፍና ጫፋቸው ይደራረባል እንጂ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። እጀታው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ዝግን፣ ሩብን፣ ግማሽንና ሦስት አራተኛን በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ ችግሩ የትኛው መስመር ላይ እንደሚታይ መመልከት ይበቃል። እዚህ የሚታየው ዝግ አካባቢ ስለሆነ ዋናው ጄት አይነካም። በኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ይህ መልስ ይበልጣል፤ ያለ እሱ የቀረው ሁሉ ጨለማ ውስጥ መዳሰስ ነው።

2ኛው መልስ ይስማማና ቾኩን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳል። ቾክ ድብልቁ ላይ ነዳጅ ያበዛል። በቾክ የሚሠራና ያለ ቾክ የሚጠፋ ሞተር አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ፦ ወይ የሚኒሞው ነዳጅ መንገድ ተዘግቷል፣ ወይ ከካርቡሬተሩ በኋላ ያልተፈቀደ አየር ይገባል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ምልክት ስለሚያሳዩ አንዱን ጠግኖ ሌላውን መተው ሰውን ደጋግሞ ያስፈታል።

ቁጣው የሚጀምረው 3ኛው ላይ ነው። ሞተር ባስቸገረ ቁጥር ካርቡሬተር መፍታት የተለመደ ጥፋት ነው፣ ከካርቡሬተር ችግሮች ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ናቸው ይላል፤ አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ዝርዝሩ ሁነኛ ነው። በዚህ መጠን ባሉ አሮጌ ሞተሮች ላይ የካንዴላው (ድብልቁን በእሳት የሚያቀጣጥለው) ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር፣ ፑንቲና (እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳ መገናኛ) ካለው ደግሞ የፑንቲናው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ፑንቲናው ከተቃጠለ ወይም ብልጭታውን የሚያረግብለት ኮንደንሰር ከደከመ ሚኒሞ ላይ መተኮስ ይስታል፣ ፍጥነት ሲጨምር ግን ደህና ይመስላል። የቫልቭ ክፍተትም በቀዝቃዛ ሞተር ይለካ፤ የጠበበ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ሚኒሞን ያሳጣል።

4ኛው የቫልቩን ነገር ተቀብሎ የእሳቱን ይሞግታል። የደከመ እሳት ቾክ ሲሳብ ይብሳል እንጂ አይሻለውም፤ ነዳጅ የበዛበት ካንዴላ ይረጥባልና። እዚህ ቾኩ ስለሚያድነው ምልክቱ ወደ ነዳጅ ይጠቁማል። ያም ሆኖ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ጥቁርና ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፣ የነጣ ከሆነ አየር በዝቶበታል፣ ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም ያክላል፦ በቾክ ሲሠራ የቆየ ካንዴላ ስለ ቾኩ እንጂ ስለ ሚኒሞው አይናገርም።

5ኛው አጭር ነው። ከመፍታት በፊት ቤንዚኑ መድረሱ ይረጋገጥ ይላል። የነዳጁን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቅሎ ዕቃ ውስጥ ሲለቁት ያለማቋረጥ መፍሰስ አለበት። ፍሰቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከቀጠነና የታንኩ ክዳን ሲከፈት ከተመለሰ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል። በነዳጅ ፓምፕ ለሚሠሩ መኪኖች የተሠራ የወረቀት ፊልትሮ እንዲህ ባለ በራሱ ክብደት በሚወርድ ነዳጅ ላይ ከተገጠመ ፍሰቱን ያንቃል። ለወራት የቆየ ቤንዚን ደግሞ ሽታው ወደ ቫርኒሽ ከተለወጠ ታንኩ ውስጥ ያለውም ይፈሳል እንጂ አዲስ አይጨመርበትም።

6ኛው መልስ ረጅሙ ነው፤ አፈታቱን ከነቅደም ተከተሉ ይሰጣል። የነዳጅ መዝጊያው ይዘጋል፣ የሳህኑ (ካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምበት) ማፍሰሻ ብሎን ተከፍቶ ቤንዚኑ ነጭ ዕቃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ውስጥ ቡናማ ደቃቅ ከታየ ታንኩ ዝጓል፣ ከታች የሚንከባለል ኳስ መሰል ነገር ከታየ ውኃ ነው። የሳህኑ ብሎኖች በብዙ የጃፓን ካርቡሬተሮች ላይ በጃፓን ደረጃ የተሠሩ ባለ መስቀል ራስ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አለቻቸው። በተለመደው የመስቀል ካቻቪቴ ሲፈቱ ካቻቪቴው እየወጣ ጥርሳቸውን ይበላል፣ ስለዚህ ለእነሱ የተሠራው ካቻቪቴ ይፈለግ። የጎኗ ብሎን ከመውጣቷ በፊት ቀስ ብላ እስክትቀመጥ ወደ ውስጥ ትዞርና ዙሯ ተቆጥሮ ይጻፋል። ጠያቂው የድሮውን ቦታ ስላጣ መነሻው አንድ ተኩል ዙር ወደ ውጭ ይሁን። በኃይል ማጥበቅ ሾጣጣ ጫፏን ያበላሻል፣ አንዳንዴም ጫፏ ተሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል። ብሎኗን ተከትለው ስፕሪንግ፣ ትንሽ ቀለበት ብረትና ክብ ጎማ ይወጣሉ። ጎማዋ ብዙ ጊዜ ውስጥ ተጣብቃ ትቀራለች፤ ሳትታይ ማጽጃ ከተረጨባት ታብጣ መንገዱን ትዘጋለች። የሚኒሞው ጄት ተፈትቶ ወደ ብርሃን ሲያዩበት ቀዳዳው ፍጹም ክብ ሆኖ መታየት አለበት። ጄቱ ብቻ ጸድቶ ሥራው አያልቅም፤ ጄቱ በተፈታበት ጉድጓድ ማጽጃ ሲረጭ በብሎኗ ቀዳዳና ተንሸራታቹ ሥር ባሉት ደቃቅ ቀዳዳዎች ሁሉ መውጣት ይኖርበታል። በአንዱ ካልወጣ መንገዱ ገና ዝግ ነው። በመጨረሻ በታመቀ አየር ከሁለቱም አቅጣጫ ይነፋል፣ ዓይንም በመነጽር ይከለላል።

7ኛው በዚሁ ላይ ሁለት እርማት ያክላል። አንደኛ፣ ተንሸራታቹን በሞተሩ ስበት የሚያነሳ ስስ ላስቲክ ያለው ካርቡሬተር ከሆነ ማጽጃው ላስቲኩን እንዳይነካው፤ ያብጣል፣ ይቀደዳልም። ላስቲኩ በብርሃን ፊት ተዘርግቶ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ብታሳልፍ እንኳ ይቀየራል። ሁለተኛ፣ ማንም ጄት ውስጥ የብረት ሽቦ አያስገባ። በኬይሂን (የጃፓን ካርቡሬተር ሠሪ) ጄቶች ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ዲያሜትር በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 38 ማለት 0.38 ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳው ተፍቆ 0.42 ቢሆን የሚታለፍበት ስፋት በ22 በመቶ ገደማ ያድጋል፣ ጄቱ ላይ የተጻፈው ግን ያው 38 ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ባለሙያ በቁጥሩ ይታለላል።

ከ8 እስከ 10 ያሉት በዚህች ሽቦ ይጣላሉ። 8ኛው ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ከናስ ስለምትለሰልስ አትጎዳም ይላል። 9ኛው ይቆጣል፦ ክሯ ቀዳዳውን ባትፍቀውም ቆሻሻውን ገፍታ ወደ ውስጠኛው መንገድ ታስገባዋለች፣ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው የሰውን ሞተር ያበላሻል ብሎ ይደመድማል። ከመጠን ያለፈ ቃል ነበር። ጄቱ ተፈትቶ እጅ ላይ ካለ ቆሻሻው የሚገባበት ውስጠኛ መንገድ የለም፤ የ9ኛው ስጋት የሚሠራው ጄቱ በቦታው እያለ ሲወጋ ብቻ ነው። 10ኛው ሁለቱንም ያበርዳል፤ ጄቱ ማጽጃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይደር፣ ጠዋት ይነፋ፣ ብርሃን ካላሳለፈ ያን ጊዜ በመዳብ ክር ወይም በቀጭን ናይሎን ይሞከር። እንዲህም ሆኖ እምቢ ያለ ጄት በአዲስ ይተካል።

11ኛው ማንም ያላነሳውን ያነሳል፦ የጎኗ ብሎን አየር ነው ወይስ ነዳጅ የምትመጥነው? ከተንሸራታቹ በስተኋላ፣ ወደ አየር ማጣሪያው በኩል ያለች ብሎን አየር ትመጥናለች፤ ወደ ውስጥ ስትዞር አየር ስለሚቀንስ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛዋል። ከተንሸራታቹ በስተፊት፣ ወደ ሞተሩ በኩል ያለችው ነዳጅ ትመጥናለች፤ ወደ ውስጥ ስትዞር ነዳጅ ይቀንሳል። ጠያቂው ብሎኗ ያለችበትን ሳያይ ማዞሩ ፈውስ ፍለጋ ሕመሙን እንዲያብስ አድርጎት ይሆናል። አንድ መፈተኛም ይሰጣል፦ ሞተሩ እየሠራ ብሎኗ እስክትቀመጥ ብትዞር ድምፁ ምንም ካልተለወጠ የሚኒሞው መንገድ አይሠራም፤ ወይም ተንሸራታቹ በማንሻዋ ብሎን ከመጠን በላይ ከፍ ተደርጎ ሞተሩ በመርፌው ክልል እየኖረ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥርጣሬ፣ ወደ አየር ማስገቢያው የሚወስደው 12ኛው ነው። በካርቡሬተሩና በሞተሩ ራስ መካከል ሙቀት የሚከላከል ጥቁር ባኬላይት አለ፤ በሁለቱ ፊቶቹ ክብ ጎማ ወይም ጋስኬት ይቀመጣል። ሁለቱ ማሰሪያ ቡሎኖች ከመጠን በላይ ሲጠብቁ የካርቡሬተሩ ከንፈር (የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ፊት) ይጎብጣል፣ መሐሉ ላይ አየር ያስገባል። የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አቁሞ በብርሃን ማየት ነው። ከጎበጠ ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተነጥፎ፣ ከንፈሩ በስምንት ቁጥር ቅርጽ እየተሻሸ ይስተካከላል፤ ከዚያ ብናኙ ታጥቦ ክብ ጎማው በአዲስ ይተካል። ሳይፈቱ ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ መጋጠሚያው ላይ የካርቡሬተር ማጽጃ መርጨት፣ ፍጥነቱ ከተለወጠ አየር እንደሚገባ ማወቅ።

13ኛው እዚህ ላይ ይቆጣል፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) እና የሚተኩስ የካንዴላ ገመድ አጠገብ ተቀጣጣይ ማጽጃ መርጨት እሳት መጥራት ነው። ውኃ በመርጫ ብልቃጥ በደቃቁ ቢረጭ ያንኑ ሥራ ይሠራል፦ ቀዳዳው ለቅጽበት ሲደፈን የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። 12ኛው ማስጠንቀቂያውን ተቀብሎ ውኃ ይቅደም ሲል ይመለሳል።

እስካሁን ስለሚንጠባጠበው ቤንዚን ማንም አልተናገረም ነበር። 14ኛው ያነሳዋል። በሳህኑ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ሲነሳ ትንሿን መርፌ ወደ ላይ ገፍቶ ነዳጁን ይዘጋል። የመርፌዋ ጎማ ጫፍ ላይ ዙሪያውን የተቀረጸ ቀለበት ከታየ አልቋል። የምትቀመጥበት ናስ ደግሞ በጆሮ መጥረጊያ ጥጥና በብረት ማጥሪያ ክሬም ይወለወላል። ተንሳፋፊው ናስ ከሆነ ጆሮ አጠገብ ይናወጥ፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተቀዷል፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር ቀዳዳው አረፋ ይሰጣል። ከፍታው የሚለካው ካርቡሬተሩ ዘንበል ተደርጎ፣ የተንሳፋፊው ምላስ የመርፌዋን ስፕሪንግ ሳይጫን ልክ ሲነካት ነው፤ ከጋስኬቱ ፊት እስከ ተንሳፋፊው ጀርባ ያለው ርቀት በመመሪያው ካለው ጋር ይነጻጸራል። ርቀቱ ከሰፋ ሳህኑ ውስጥ ያለው ነዳጅ ዝቅ ይላል፣ ከጠበበ ከፍ ይላልና ይፈሳል። ሳህኑ ተገጥሞ ለማረጋገጥ ማፍሰሻው ላይ ግልጽ ቱቦ ሰክቶ ወደ ላይ ማጠፍ፣ ብሎኗን መክፈት፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ነዳጅ ከሳህኑ መጋጠሚያ በጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ መቆሙን ማየት ነው።

15ኛው አንዲት ነገር ታክላለች፤ ለኔ የክሩ ምርጥ እርማት ይቺ ናት። መርፌዋም ተንሳፋፊውም ደህና ሆነው ሳለ የሚያፈስ ካርቡሬተር አለ። ሳህኑ መሐል ወይም ጥግ የቆመችው የናስ ትርፍ ማፍሰሻ ቱቦ ቁመቷን ተከትሎ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታወጣለች፤ ውኃ ውስጧ በረዶ ሲሆን ወይም ናሱ ሲያረጅ ይሆናል። ሰዎች ተንሳፋፊውን እያጠፉ ይደክማሉ፣ ነዳጁ ግን በስንጥቁ ይወርዳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሳህኑን ለብቻው ቱቦዋ ጫፍ እስኪቃረብ ቤንዚን ሞልቶ ደረቅ ወረቀት ላይ ማቆም። ወረቀቱ ከረጠበ ስንጥቅ አለ። ቱቦዋ በቆርቆሮ ትበየዳለች፣ ወይም ሳህኑ ይቀየራል።

16ኛው ስለ ዘይቱ ያስጠነቅቃል። በመርፌዋ ያለፈ ቤንዚን ሁልጊዜ ወደ ውጭ አይፈስም፤ ካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ ካዘነበለ ወደ ሲሊንደሩ ይገባና ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይቱ መጠን ከፍ ካለ ወይም ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ አይነሳ፤ የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ (የሚሽከረከሩ ክፍሎችን የሚሸከም) ይበላል። ዘይቱ ይቀየር፣ ጥገናው እስኪያልቅም የነዳጁ መዝጊያ ሁልጊዜ ተዘግቶ ይደር።

17ኛውና 18ኛው ከመስመር ይወጣሉ። አንዱ ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን አሮጌ ጎማዎችን እንደሚያሳብጥና ውኃ እንደሚስብ ይጽፋል፤ እውነት ነው። ሌላው የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውጥቶ ትንሽ ክፍት ማጣሪያ መግጠም ጉልበት ይጨምራል ይላል። ይህን 19ኛው በብርቱ ይመልሳል፦ ሳጥኑ ሲወጣ የአየሩ መቋቋም ስለሚለወጥ ጄቶቹ ሁሉ እንደገና መመረጥ አለባቸው፤ ሚኒሞ እምቢ ያለው ሰው ላይ ሌላ ጥያቄ መጨመር ነው። ስለ ከፍታ ግን ራሱ 19ኛው ጠቃሚ ስሌት ይተዋል። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ላይ የአየሩ እፍግታ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ድብልቁም በዚያ ምክንያት 10 በመቶ ያህል ነዳጅ ይበዛበታል። በዝቅተኛ ቦታ 100 ቁጥር ጄት በትክክል የሚሠራበት ሞተር እዚያ 95 ይበቃዋል። ጠያቂው ያሰበው ትልቅ ጄት በከፍታ ቦታ ከሆነ ነገሩን የባሰ ያበላሻል።

20ኛው ላይ ጠያቂው ይመለሳል። በሚኒሞው ጄት ብርሃን አላለፈም፤ ተዘፍዝፎ አድሮ ተከፍቷል። በቁጥሩ 38 ነው። የሳህኑ ፈተና ወረቀቱን አርጥቧል፣ ማለትም 15ኛው ልክ ነበር። የካርቡሬተሩ ከንፈር ቀጥ ያለ ነው። ሞተሩ አሁን ያለ ቾክ ይሠራል፣ ግን ነዳጅ ሰጥቶ ሲለቁት ፍጥነቱ ቶሎ አይወርድም። የገዛው ኪት ውስጥ ያለውን አዲስ ጄት ቢገጥመው ይሻል እንደሆነ ይጠይቃል።

21ኛው አይሆንም ይላል። የርካሽ ኪት ጄቶች የተጻፈባቸውና የተበሱበት ቁጥር ላይገጥም ይችላል፣ መርፌዎቹም በሾጣጣነታቸው ይለያሉ። ከኪቱ ጋስኬቶቹና ክብ ጎማዎቹ ይወሰዱ፣ የፋብሪካው ናስ ግን ካልተበላሸ ይቆይ። ጄት የሚገዛ ሰው ደግሞ የሥሪቱን ስም ያመሳክር፤ የሌላው የጃፓን ሠሪ የሚኩኒ ትልልቅ ባለ ስድስት ማዕዘን ጄቶች የሚቆጠሩት በሚያሳልፉት ፍሰት ስለሆነ ከኬይሂን ቁጥር ጋር አይነጻጸሩም።

22ኛው ፍጥነቱ ቶሎ የማይወርደው ድብልቁ ገና አየር ስለበዛበት ነው ብሎ የማስተካከያውን ሥርዓት ይሰጣል። በመጀመሪያ የነዳጅ መስጫው ገመድ ትንሽ ልቅ መሆኑ ይታይ፤ መሪው ግራና ቀኝ ሲዞር ፍጥነቱ ከተለወጠ ገመዱ ይወጠራል ማለት ነው። ሞተሩ አሥር ደቂቃ ያህል ተነድቶ ይሙቅ። የተንሸራታቹ ማንሻ ብሎን ሞተሩ ሳይጠፋ በሚይዝበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ትሁን። የጎኗ ብሎን በሩብ ዙር እየተዞረች ከእያንዳንዱ በኋላ ጥቂት ሰኮንድ ይጠበቅ፤ ፍጥነቱ ከፍ ያለበት ቦታ ሲገኝ እዚያው ትቁም፣ ከዚያ ማንሻዋ ዝቅ ትበል። ብሎኗ ነዳጅ መጣኝ ሆና ከሦስት ዙር በላይ ከተፈለገ የሚኒሞው ጄት አንሷል ወይም ገና አልጸዳም፤ ከአንድ ዙር በታች ከሆነ በዝቷል። አየር መጣኝ ከሆነች ፍቺው ይገለበጣል።

23ኛው ለብዙ ሳምንታት የሚቆም ሞተር መዝጊያው ተዘግቶ ሳህኑ በማፍሰሻዋ ብሎን ይለቀቅ ይላል። ሞተሩን ነዳጅ እስኪጨርስ ማሠራት አይበቃም፤ ከጄቱ አፍ በታች የሚቀረው ጥቂት ቤንዚን ተንኖ ሙጫውን እዚያው ይተወዋል።

24ኛው የማፍሰሻዋ ብሎን ስትመለስ በካቻቪቴ ጫፍ በሁለት ጣት ኃይል ብቻ ትጥበቅ ብሎ ያስጠነቅቃል። ሳህኑ ለስላሳ ቅይጥ ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይላላል። ከጠበቀች በኋላም ካፈሰሰች ጥፋቱ የጎማዋ ቀለበት ነው፤ እሷ ትቀየር።